17 ዓመት በፈተና የወደቀ ባለ ጐራዴ፤ የያማኦካ ቴሹ ታሪክ

የፈተና ሰሞን በደረሰ ቍጥር በየመኝታ ክፍላችን መብራቱ ሳይጠፋ ያድራል፤ ያለፈው ዓመት ጥያቄ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሰላምታችን እንኳ ቀርቶ ምን ይመጣ ይሆን መባባል ብቻ ይሆናል። እኔም በዚህ ሰሞን ከደብተሬ ሸሽቼ የአንድ ጃፓናዊ የጐራዴ መምህር ታሪክ ሳነብ፥ ሽሽቴ ተመልሶ ወደዚያው ወደ ፈተና ሆኖ አገኘሁት። ነገሩ የሩቅ አገርና ያለፈ ዘመን ነው፤ ቢሆንም ለተማሪ ቅርብ መስሎ ስለ ታየኝ እነሆ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደ ሰውዬው ታሪክ ከመግባታችን በፊት ጀማሪው ዛሬ በዚያ ትምህርት እንዴት እንደሚፈተን ማወቅ ይጠቅማል። የጃፓን የጐራዴ ትምህርት ኬንዶ ይባላል፤ ትርጓሜውም የጐራዴ መንገድ ማለት ነው። ተማሪው የራስ ቁር፥ ጥሩርና ወፍራም የእጅ ጓንት አድርጎ፥ በብረት ፈንታ ከአራት የቀርከሃ ፍልጥ የተሠራ ሺናይ የሚባል በትር ይዞ ይገጥማል። ማዕረጉ ኪዩ ከሚባሉት የጀማሪ ደረጃዎች ተነሥቶ ወደ ዳን ይሻገራል፤ የዳኑም ፈተና ከ1 እስከ 8 ይደርሳል። ለመጀመሪያው ዳን በጃፓን የሚቀርብ ሰው 13 ዓመት የሞላውና 1ኛ ኪዩ ያለው መሆን አለበት። በፈተናው ቀን ከሌላ ተፈታኝ ጋር አጭር ግጥሚያ ያደርጋል፤ በእንጨት ጐራዴ የተወሰነውን የጥንድ ልምምድ ያሳያል፤ የጽሑፍም ጥያቄ ይመልሳል።

ይህን የሰማ ሰው፥ አብዝቶ የመታ ያልፋል፤ የተመታ ይወድቃል ብሎ ሳይገምት አይቀርም። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ፈታኞቹ ግን ለጀማሪው ምቱን አይቈጥሩለትም። የሚመለከቱት ልብሱና ጥሩሩ በወጉ መታሰሩን፥ እጅ አነሣሡን፥ አቋሙ ቀጥ ማለቱን፥ ምቱ ከመሠረቱ ትምህርት ጋር መስማማቱን፥ መንፈሱም የሞላ መሆኑን ነው። ስለዚህ ለፈተና የሚዘጋጅ ጀማሪ አዲስ ብልሃት ሲፈልግ አይውልም። ያንኑ በመጀመሪያው ሳምንት የተማረውን፥ ይኸውም ግንባርን በቀኝና በግራ እያፈራረቁ መምታትን፥ እግርን ከወለሉ ሳያላቅቁ እያንሸራተቱ መራመድን፥ ተንበርክኮ ተነሥቶ ሰላምታ መስጠትን ይደጋግማል። በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ያለፈ ወገን ይህ ዓይነቱ ነገር አይገርመው ይሆናል።

የዳን ማዕረግ ወደ ጐራዴ ትምህርት የገባው ከጁዶ ተወርሶ ነው። በጁዶም ካኖ ጂጎሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው በ1883 ነበር። ታሪኩን የምጽፍለት ሰው በ1888 ሲሞት በጐራዴ ዳን አልነበረውም፤ በእርሱ ዘመን መምህሩ ተማሪው በቃ ብሎ ሲያምን የፈቃድ ጥቅልል ይሰጠው ነበርና። ነገር ግን ሰውን በመሠረቱ ላይ አቁሞ መፈተን ምን ማለት እንደ ሆነ ከያማኦካ ቴሹ የበለጠ በራሱ ሕይወት ያየ ሰው እኔ አላገኘሁም።

ያማኦካ በ1836 ኤዶ በተባለችው፥ ዛሬ ቶክዮ በምንላት ከተማ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ኦኖ ቴትሱታሮ ነው። አባቱ የሾጉኑ ባለሟል ነበር፤ ሾጉን ማለት በዚያ ዘመን በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን በእውነት የሚገዛው የጦር አለቃ ነው። በ1845 አባቱ በተራራማው በሂዳ አውራጃ ላይ ተሹሞ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ታካያማ ከተማ ወረደ። ልጁ በዚያ ከኢኖዌ ኪዮቶራ ጐራዴን፥ ከኢዋሳ ኢቴይ ደግሞ በብሩሽ የሚጻፈውን የቁም ጽሕፈት ጥበብ ተማረ። በጽሕፈቱ ገና በ15 ዓመቱ የዚያ ትምህርት ቤት 52ኛ ወራሽ እስከ መባል ደረሰ። ብሩሹን እስከ ሞቱ ቀን አልጣለውም።

ደስታው ብዙ አልቆየም። እናቱ በ1851፥ አባቱ በ1852 ሞቱ። ወጣቱ ታናናሽ ወንድሞቹን ይዞ ወደ ኤዶ ተመለሰ፤ አባቱ የተወውንም ገንዘብ አብዛኛውን ለእነርሱ አካፍሎ እርሱ በጥቂቱ ቀረ። በኤዶ ያማኦካ ሰይዛን ከተባለ ታላቅ የጦር መምህር ዘንድ ጦር መወርወር ሳይሆን በጦር መዋጋት መማር ጀመረ። ሰይዛን ብዙም ሳይቆይ በ1855 ሞተ። ቤቱ ስሙን የሚያስጠራ ወራሽ ስላልነበረው፥ ተማሪው የመምህሩን እኅት አግብቶ የያማኦካን ስም ወሰደ። ያማኦካ ከመባል በቀር በጋብቻው ያገኘው ሀብት አልነበረም። ልብሱ ከመቀደዱ የተነሣ ቡትቶው ቴትሱ ይሉት ነበር። በልምምድ አዳራሽ ደግሞ ሌላ ስም ነበረው፤ ጋኔኑ ቴትሱ ይባል ነበር። ቁመቱ 188 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ሰውነቱም ግዙፍ ነበረና በዘመኑ ጃፓናውያን መካከል እንደ ግንብ የሚታይ ሰው ነበር። ዕቃ ለመሸጥ ደጁ የመጣውን ሁሉ ጥሩር አልብሶ ካልገጠምኸኝ አትሄድም ይል እንደ ነበር ይተረካል። ሚስቱ በዚያ ባዶ ቤት ምን ትል እንደ ነበር ግን የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙም አልጻፉልንም፤ እኔ ብሆን እርሷን አስቀድሜ እጠይቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በወጣትነቱ ሁሉ ነገሩ የሚመሰገን አልነበረም። መጠጥ ይወድ ነበር። ከዚህም በላይ የውጭ አገር ሰዎች በጐራዴ ከጃፓን ይባረሩ ከሚለው ከኪዮካዋ ሃቺሮ ማኅበር ጋር ገጥሞ ነበር። በ1863 መንግሥት ጌታ የሌላቸውን ባለ ጐራዴዎች ሰብስቦ ወደ ኪዮቶ ሲልክ ያማኦካ ከተቈጣጣሪዎቹ አንዱ ሆኖ ሄደ። ጭፍራው ግን በክርክር ተከፋፈለ፤ ከፊሉ በዚያው ቀርቶ ኋላ ሺንሰንጉሚ የተባለውን ጭፍራ መሠረተ፤ ከፊሉ ተመለሰ። ኪዮካዋ በኤዶ መንገድ ላይ ተገደለ፤ ያማኦካም ከቤቱ እንዳይወጣ ታገደ።

በዚሁ በ1863 ነው አሳሪ ዮሺያኪ ከተባለው የጐራዴ መምህር ጋር የገጠመው። አሳሪ ከእርሱ በ14 ዓመት ይበልጣል፤ በኢቶርዩ ስልትም ስመ ጥር ነበር። ግጥሚያው እንደሚነገረው እጅግ ረዘመ። በመጨረሻ ያማኦካ በጕልበቱ ተመክቶ አሳሪን ገፍቶ ከመሬት ጣለውና ማሸነፉን ጠየቀ። አሳሪ ግን በረጋ አንደበት፥ እየወደቅሁ ሳለ ጎንህን መትቼሃለሁ አለ። ያማኦካ ካደ። ጥሩሩን ፈትቶ ሲያየው በቀኙ በኩል ያለው የቀርከሃ ፍልጥ ተሰብሯል። በዚህም ጊዜ አላመነም፤ ድኻ ስለ ሆንሁ ጥሩሬን ነቀዝ በልቶት ነው ብሎ ተከራከረ። ወደ ቤቱ ተመልሶ ነገሩን ለሚስቱ ወንድም ለታካሃሺ ዴይሹ ሲያጫውተው፥ ዴይሹ ያ ሰው እውነተኛ መምህር ነው አለው። ያማኦካ ዝም አለ፤ ከዚያም ሄዶ የአሳሪ ደቀ መዝሙር ሆነ።

ፈተናው የተጀመረው ከዚህ ነው። አሳሪ ጐራዴውን ይዞ ሲቆም ያማኦካ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። ወደ ፊት ሊሄድ ሲያስብ ራሱን ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ያገኘዋል። አሳሪ ሳይመታው፥ ጫፉን ብቻ ወደ እርሱ አቅንቶ ደረጃ በደረጃ ከግድግዳው ያደርሰዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአዳራሹ አስወጥቶ በሩን ይዘጋበት ነበር ይባላል። ማታ ሲተኛ ዓይኑን በጨፈነ ቍጥር አሳሪ እንደ ተራራ ከፊቱ ይቆማል። በሥራ መካከል በተቀመጠ ጊዜ እንኳ ያ ምስል ይመጣበታል። ይህ የአንድ ወር ወይም የአንድ ዓመት ነገር አይደለም፤ 17 ዓመት ቈየ።

ሰውዬው በእነዚህ 17 ዓመታት ፈሪ እንዳልነበረ የሚያሳየው በ1868 የሆነው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ወገን ነን የሚሉት የሳትሱማና የቾሹ ሰዎች ሾጉን ቶኩጋዋ ዮሺኖቡን ድል አድርገው ወደ ኤዶ ይዘምቱ ነበር። ዮሺኖቡ እጁን ለመስጠት ቈርጦ በገዳም ተቀምጦአል፤ ነገር ግን ይህን ለጠላት ጦር አለቃ የሚያደርስለት ሰው ጠፋ። በኤዶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበረ፤ ከተማይቱም የእንጨት ቤት ከተማ ናት፤ አንድ ሌሊት ብትቃጠል ምን እንደሚቀር መገመት አያስቸግርም። ያማኦካ እሄዳለሁ አለ። ካትሱ ካይሹ ደብዳቤና ከሳትሱማ ወገን የተማረከ ማሱሚትሱ ክዩኖስኬ የተባለ መንገድ አሳይ ሰጠው። ሁለቱ ብቻቸውን ተነሡ። በጠላት ሰፈር መካከል ሲደርሱ ያማኦካ አልተሸሸገም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጠላት የተባለው የዮሺኖቡ አገልጋይ መሆኑን በከፍተኛ ድምፅ እየተናገረ አለፈ። ወታደሮቹ ተደናግጠው መንገድ ለቀቁለት።

በጃፓን አቆጣጠር በ3ኛው ወር በ9ኛው ቀን ሱንፑ በተባለች ከተማ ከጦር አለቃው ከሳይጎ ታካሞሪ ጋር ተገናኘ። ሳይጎ ግንቡን፥ መሣሪያውንና መርከቦቹን እንዲያስረክቡ ጠየቀ፤ ያማኦካ እነዚህን ተቀበለ። ዮሺኖቡ ራሱ ለቢዘን ባላባት ተላልፎ ይሰጥ የሚለውን ግን ፈጽሞ እንቢ አለ። ጌታህ ቢሆን ኖሮ አንተ አሳልፈህ ትሰጠው ነበርን ብሎ ሳይጎን መልሶ ጠየቀው። ሳይጎ አሰበና ያን ነገር እኔ እይዘዋለሁ አለ። ከቀናት በኋላ ካትሱና ሳይጎ በኤዶ ተገናኝተው ስምምነቱን ጨረሱ፤ በ4ኛው ወር በ11ኛው ቀንም ግንቡ ያለ ውጊያ ተረከበ። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የካትሱንና የሳይጎን ስም ብቻ ይጠራል፤ በሩን አስቀድሞ የከፈተው ግን ያ ቡትቶ ለባሽ ነበር። በዕድሜው ሁሉ በጐራዴ ሰው ገድሎ እንደማያውቅም ይነገርለታል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ወደ አሳሪ ፊት ሲመለስ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት መሄድ የሚያቅተው።

በ1872 ሳይጎ ለወጣቱ ለንጉሠ ነገሥት ሜይጂ እልፍኝ አስከልካይ እንዲሆን አሳጨው። ያማኦካ የተሸነፈው ወገን ሰው ስለ ነበረ 10 ዓመት ብቻ አገለግላለሁ ብሎ ገባ፤ በ1882ም ቃሉን ጠብቆ ወጣ። በቤተ መንግሥት ስላሳለፈው ዘመን የሚወራው ብዙ ነው፤ ሁሉን ለመጻፍ ቦታም የለን። አንዷን ብቻ ላንሣ። በ1875 ኪሙራያ የተባለው ዳቦ ቤት የሠራውን፥ በጣፋጭ ቀይ ባቄላ የተሞላውን ትንሽ ዳቦ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲቀርብ ያደረገ እርሱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደዱት፤ ዛሬ ጃፓናዊ ሁሉ አንፓን ብሎ የሚበላው ይኸው ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ያማኦካ ከሥራው እየተረፈ የዜን ቡድሂዝም መነኵሴ ወደ ሆነው ወደ ተኪሱይ ይመላለስ ነበር። ተኪሱይ ጫፍ ለጫፍ ስለ ተጋጠሙ ሁለት ጐራዴዎች የሚናገር እንቆቅልሽ አሰላስል ብሎ ሰጠው። ያማኦካ ለብዙ ጊዜ ቢያሰላስለውም አልከፈተለትም። ታዲያ ፍንጩን የሰጠው መነኵሴ አልነበረም፤ ጽሕፈት ሊያጽፍ ወደ ቤቱ የመጣ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው ስለ ንግዱ ሲያጫውተው፥ ዋጋ ይወድቅብኛል ብዬ በተሸበርሁ ጊዜ ገዢ ሁሉ ድካሜን እያየ ይጫነኝ ነበር፤ ትርፍና ኪሳራን ከልቤ ካወጣሁ ወዲህ ግን ሥራዬ ተቃና አለው። ያማኦካ ይህን በጐራዴ ላይ አሰበው። ለካ እስካሁን ከአሳሪ ጋር የተጋጠመው መመታትንና መምታትን እየቈጠረ ነበር።

አምስት ቀን በአዳራሽ ሌሊት በጭንቅላቱ ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ከረመ። ማርች 30 ቀን 1880 ሊነጋ ሲል ተነሥቶ ጐራዴውን ይዞ እንደ ልማዱ በሐሳቡ ከአሳሪ ጋር ቆመ፤ ያ እንደ ተራራ ይገተርበት የነበረው ምስል አልመጣም። ወዲያው ኮቴዳ ያሱሳዳ የተባለውን ተማሪውን አስጠርቶ ግጠመኝ አለው። ኮቴዳ ጐራዴውን አቅንቶ ትንሽ እንደ ቆመ ጥሎ፥ ብዙ ዘመን አብሬህ ተለማምጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላየሁብህም፤ በፊትህ መቆም አይቻለኝም አለ። ቀጥሎም አሳሪ ተጠራ። መምህርና ተማሪ ጥሩር ለብሰው ጐራዴ ለጐራዴ ተያዩ። ምት አልተሰነዘረም። አሳሪ ጐራዴውን አውርዶ የራስ ቁሩን ፈታ፤ ደርሰሃል አለው፤ የስልቱንም ምስጢር አስረከበው። በ17 ዓመት ውስጥ ካደረጉት ግጥሚያ ሁሉ አጭሩ ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያማኦካ የራሱን ስልት ሙቶርዩ ብሎ ሰየመው፤ ጐራዴ የሌለው ማለት ነው። ከልብ ውጭ የሚታመኑበት ጐራዴ የለም ለማለት ነው እንጂ ልምምዱ ጐራዴ አልተለየውም። በ1885 ደግሞ የጥንቱን የኢቶርዩ ቤት ውርስ በሙሉ ተቀበለ። ቤቱ አጠገብ ያቆመው አዳራሽ ሹንፑካን፥ የጸደይ ነፋስ ቤት፥ ይባላል። ስሙ የለዘበ ነው፤ የውስጡ ሥራ ግን አይደለም።

ወደ ሹንፑካን የገባ ጀማሪ 3 ዓመት ሙሉ ግጥሚያ አያደርግም። አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ሰውነቱን ዘርግቶ፥ ጐራዴውን ከፍ አድርጎ፥ በሙሉ ድምፅና በሙሉ ኀይል የመምህሩን ግንባር መምታት፤ ተመልሶ መምታት፤ ደግሞ መምታት። በሌላ አዳራሽ ያለ እኩያው በ3 ዓመት ስንት ብልሃትና ማታለያ ያውቃል! የያማኦካ ሺናይ እንኳ አጭር ነበር። ሌሎች ከሩቅ ለመድረስ በትራቸውን ሲያስረዝሙ እርሱ 97 ሳንቲ ሜትር ያህል በሆነው በወፍራሙና በአጭሩ ጸና። አጭር የያዘ ሰው ካልቀረበ አይመታም፤ ሲቀርብም ፍርሃቱን ይዞ መቅረብ አይችልም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ያዘዘው ለራሱ ያለፈበትን ስሕተት ለተማሪዎቹ ሊያሳጥርላቸው ብሎ ነው። እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ በመግጠምና በማሸነፍ አድጎ፥ ያን ሁሉ ለመርሳት 17 ዓመት ፈጅቶበታል።

ለገፉት ደግሞ ሰይጋን፥ ማለት ስእለት፥ የተባለ ፈተና ነበረ። ለመጀመሪያው ስእለት የሚቀርበው አንድም ቀን ሳያጓድል 1,000 ቀን የተለማመደ ብቻ ነው። ከዚያ በአንድ ቀን 200 ግጥሚያ ያደርጋል። ሁለተኛው ስእለት በ3 ቀን 600፥ ሦስተኛው በ7 ቀን 1,400 ግጥሚያ ነው። ሒሳቡን ለሠራው በየቀኑ ያው 200 ነው፤ ልዩነቱ ማግስቱ መምጣቱ ላይ ነው። ባላጋራዎቹ እየተፈራረቁ ከድካም ነጻ ሆነው ይመጣሉ፤ ተፈታኙ ግን አይለወጥም። ምግቡ የሩዝ አጥሚትና በጨው የተቀመመ ፕሪም ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶዎች በጕልበትና በብልሃት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ እጁ ያብጣል፤ ጕልበቱም ብልሃቱም ያልቃል፤ የሚቀረው በነዚያ 3 ዓመታት የተማረው ያ አንድ ምት ብቻ ነው። ያማኦካ ለማየት የሚፈልገው ይህን ነበር። ሦስቱንም ስእለት የፈጸሙት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ካጋዋ ዜንጂሮ ነው።

በኋለኛው ዘመኑ በ1868 ጦርነት ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ በያናካ ዜንሾአን የተባለውን ገዳም በ1883 አቆመ። ገንዘብ ግን አሁንም አልነበረውም፤ ስለዚህ ብሩሹን አንሥቶ በሺህ የሚቈጠር ጽሕፈት እየጻፈ ለበጎ ሥራ ሰጠ። ጠያቂው መኰንንም ሆነ ለማኝ አይመልስም ነበር። በ1887 ቪስካውንት የሚል የመሳፍንት ማዕረግ ተሰጠው። ማዕረጉ ሲመጣ የሆድ ዕቃ ካንሰር ይዞት ነበር።

በጁላይ 1888 ሕመሙ ጠናበት፤ ወዳጆችና ተማሪዎች ቤቱን ሞሉት። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ያማኦካ ከአልጋው ሆኖ ከአዳራሹ የሺናይ ድምፅ አለመሰማቱን አስተዋለ። ምክንያቱን ጠየቀ። ተማሪዎቹ አጠገቡ ለመሆን ልምምዱን ትተው እንደ መጡ ነገሩት። ይህ ደስ አላሰኘውም፤ ሁሉም ወደ አዳራሹ እንዲመለሱ አዘዘ። እነርሱም ጥሩራቸውን አስረው ወረዱ፤ የምቱና የጩኸቱ ድምፅ እንደ ወትሮው በግድግዳው በኩል ይሰማው ጀመር። በማግስቱ፥ ጁላይ 19 ቀን፥ ተነሥቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ፊቱን አዙሮ በአሰላሳይ ሰው አቀማመጥ እንደ ተቀመጠ ሞተ። በዜንሾአን ተቀበረ።